ለቆመች መኪና መክፈል፦ የቦሎ ወር ከመድረሱ በፊት

ካሊፎርኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቀደም ደውሎ ሲያማርር አመሸ። ትንሽ ጀልባ አለችው። ዓሣ አይነግድባት፣ ሰው አይጭንባት፣ ለመዝናኛ ብቻ ናት። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ጓሮ ትቆማለች። ውኃ የምትነካው በበጋ ጥቂት ቅዳሜ ነው። ግብሩ ግን ሸራ አያውቅም። እዚያ ካውንቲ የሚሉት አስተዳደር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ጀልባዋ ስንት ታወጣለች ብሎ ይገምታል። በዚያች ቀን በስሙ ከተገኘች የዓመቱ ግብር የእሱ ነው፣ በማግስቱ ቢሸጣት እንኳ። እስከ ኦገስት 31 ካልከፈለ ደግሞ ቅጣት ይጨመርበታል። «ለቆመ ነገር እየከፈልኩ ነው እኮ» አለኝ።

ሳቅሁበት። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለጀልባ ግብር ማዘን አልሆንልህ አለኝ። በሬሳ ወንዝ ላይ በጀልባ የሚንሸራሸር ሰው እስካሁን አላየሁም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ግቢ ስወጣ ግን የራሴ ጀልባ ቆማለች። ሰማያዊ ቶዮታ ዲኤክስ፣ በዕድሜ ከትዳሬ የምትበልጥ፣ ጣሪያዋ ላይ የጎረቤት ድመት የተኛባት።

እሷም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ትቆማለች። እሑድ ልጆቹን ጭኜ ወደ አንኮበር ወይ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ክረምት ከገባ እሱም ይቀራል። በዓመት አንዴ ግን ሂሳቧ ይመጣል። ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መካኒክ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላሉ ነው፤ ኮድ 2 የቤት መኪና ላላቸው፣ ገቢ የማታስገባ፣ ብትሸጥ የምታሳዝን፣ ብትቀመጥ የምታስከፍል።

በነገራችን ላይ አንድ ወሬ እናጥፋ። ጥር 2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ሲጸድቅ ቡና ላይ «ለመኪናም መጣልን» ያሉ ሰዎች ነበሩ። አዋጁ ስለ ከተማ ቦታና ስለ ሕንፃ ነው። መኪና እዚያ ውስጥ የለችም። የመኪና ዓመታዊ ዕዳ የራሱ መንገድ አለው።

ምኑን ነው የምንከፍለው?

ሰው «ቦሎ ላወጣ ነው» ሲል አንድ ክፍያ ይመስላል። ቃሉ ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው፣ ማኅተም እንደማለት። ግን ያቺን ማኅተም መስታወት ላይ ለመለጠፍ ኪሳችሁ ሦስት ቦታ ይከፈታል።

መጀመሪያ ዓመታዊ ምርመራውና የፈቃድ ማደሻው አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንድትመረመር ያስገድዳል። ከማደሻው ክፍያ ጋር ለመንገድ ፈንድ የሚሄድ ገንዘብ አለ። ፈንዱ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመ ሲሆን ሥራው ለመንገድ ጥገና ገንዘብ ማግኘት ነው። ዋናው ምንጩ ነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ነው፤ በመኪናው አክስል ክብደት የሚሰላ ዓመታዊ ማደሻም አለበት። ነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ያስማማኛል፣ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ዓመታዊው ግን በሳምንት አንዴ የምትወጣዋን የኔን ዲኤክስና ቀን ከሌት የምትሮጠዋን የሌላ ሰው ዲኤክስ እኩል ነው የሚያያት። የአክስቴ ልጅ ያማረረው ለካ ይህንኑ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለን። እሱ የሚከፍለው በጀልባዋ ዋጋ ልክ ስለሆነ «ግምቱ በዝቷል» ብሎ የሽያጭ ማስታወቂያ ሰብስቦ ይግባኝ ማለት ይችላል። የኛ ክፍያ መኪናዋ ስንት ታወጣለች ብሎ አይጠይቅም። የመኪናውን ዓይነትና አገልግሎቱን ነው የሚያየው። ስለዚህ የሚከራከሩበት ዋጋ የለም። ቅናሽ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ሦስተኛ ወገን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ እሱ መንገድ መውጣት አይቻልም፣ ያለ እሱ ቦሎም የለም። የሚሸፍነው እናንተ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የምታደርሱትን ነው። የራሳችሁን ፓራውልት አያስጠግንም። ይህን የማያውቅ ሰው ስንቴ እንደገጠመኝ! ተጋጭቶ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ሦስተኛው ደረሰኝ የሌለው ነው፦ ጋራዥ። ትልቁም እሱ ነው። ባለፉት ዓመታት የጻፍኩትን ማስታወሻ ሳየው መንግሥትና ኢንሹራንስ ተደምረው አንድም ዓመት መካኒኩን አልበለጡትም። መካኒኩን የሚያስወድደው ደግሞ ጥድፊያ ነው። ቦሎ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋራዥ የገባ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ዕቃ አያማርጥም፣ የተባለውን ከፍሎ ይወጣል።

ገንዘቡን ቀድሞ መያዝ

ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ደምሩት። መካኒክ ደረሰኝ ስለማይሰጥ የሰጣችሁትን እዚያው ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ድምሩ ላይ ትንሽ ጨምሩበት፣ ዕቃ እንደሆነ ሲረክስ አላየንም። ለምሳሌ ያህል ድምሩ 26,000 ብር ነው እንበል፤ በ13 ብታካፍሉት በወር 2,000 ይወጣል። በ13 ያካፈልኩት ጳጉሜንም ቆጥሬ ነው። ጳጉሜ ደመወዝ የለውም የሚል ካለ በ12 ያካፍል።

እኔ በሰፈራችን ዕቁብ ነው የማደርገው። ሰብሳቢውን አስቀድሜ «ጋሼ፣ የኔ ዕጣ ከቦሎ በፊት ቢደርስ» እላለሁ፤ ካልወጣልኝም ከወጣለት ሰው ጋር እንቀያየራለን። ዕቁብ የሌላችሁ ለብቻው የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ቤት ውስጥ ላስቀምጥ ብሎ የተሳካለት ሰው ካለ ይምከረኝ። የኔ የቦሎ ብር ሁለት ዓመት ተከታትሎ የፋሲካ በግ ሆኗል።

አንድ ሌላ ነገር። የሦስተኛ ወገኑና የቦሎው ቀን ብዙ ጊዜ አይገጣጠምም። አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በግንቦት ይሆንና በዓመት ሁለቴ ያስደነግጣችኋል። ምርመራ ስትሄዱ ሦስተኛ ወገኑ ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሳምንት ከቀረው አድሳችሁት ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱንም ቀን ስልካችሁ ላይ ከአንድ ወር በፊት እንዲጮህ አድርጋችሁ ሙሉት። ከአንድ ሳምንት በፊት አይጠቅምም፣ አንድ ወር ነው።

የአንድ ወር ሥራ

አንድ ወር ያልኩት ለመኪናዋ ነው። መርማሪው የሚያየው የታወቀ ነው፤ መብራት፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ ጭስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ ከነዚያ ጋር እሳት ማጥፊያ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን። ሁሉንም ሳይከፈልበት ቤት ማየት ይቻላል።

መብራቱን በምሽት ሞክሩ። ልጅ ከኋላ አቁሙና ፍሬን ርገጡ፣ «በራ?» በሉት። ፍሬቻ አራቱንም፣ የኋላ ማርሽ፣ የታርጋ መብራት። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ዓመት ፍሬኔን አሳድሼ፣ መሪዋን አስጠብቄ፣ ሞተሯን አሳጥቤ፣ እንደ ሙሽራ አድርጌ ይዣት ሄድኩ። ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ የኋላ ግራ ፍሬቻ አልበራም። «ጋሼ፣ አምፖሉን ቀይረው ይምጡ» አለኝ ልጁ በትሕትና። ትክክል ነው፣ ምን ይባላል? አንዲት አምፖል ቀኔን በላችው። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ሁለት ትርፍ አምፖል ሳልይዝ አልሄድም።

ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ። እንደኛ ቆማ የምትውል መኪና ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጣጠቃል። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎሚስታ ቤት «አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ጎማም በዚሁ ቁጥር መዝኑት፤ ሳይነዳ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ብዙ አለ። ስኮርታውን አትርሱ፣ ክሪኩንም። ስኮርታው ነፋስ የሌለው ሆኖ የተገኘበት ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ነኝ።

ጭስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ አገር ሰው እዚህ ላይ በከንቱ ገንዘብ ይጥላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ያላት እንደ ዲኤክስ ያለች መኪና ደግሞ አየሩ ሳሳ ብላ ነዳጅ አትቀንስም፣ የለመደችውን ያህል ትረጫለች። ነዳጅ በዛ፣ አየር አነሰ፣ ጥቁር ጭስ ሆነ። ከአዳማ ወይ ከድሬዳዋ መኪና ገዝቶ የመጣ ሰው እዚያ ያላየውን ጭስ እዚህ ሲያይ «ሞተር አልቆ ነው የሸጡልኝ» ብሎ ይደነግጣል። መካኒኩም ሰውዬው መደንገጡን ካየ ሞተር እንፍታ ሊል ይችላል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ፣ ካረጀ ቀይሩ። ካንዴላዎቹን አስወጡና እዩ። ጫፋቸው ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል፤ ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልጉ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥብላችኋል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተር ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተር ውኃ እየጎደለ ከሆነ ቴስታው ጋር ችግር አለ። እነዚህ ሁለቱ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

ፍሬንስ? ፍሬን ለመርማሪ አይደለም የሚሠራው፣ ለጤርማ በር ነው። ከዚያ ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ከተቀመጠ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ መኪናዋ ብትቆምም ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ውኃ የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መጨመር መቀየር አይደለም። ጎማው ሲወጣ የፍሬን ሸራውን በዓይናችሁ እዩ። ስትወርዱም ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛት።

እዚህ ላይ የጎረቤቴን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ዓመት «መኪናህን ሳታስመጣ ቦሎ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ አገኘ። ተመቸው። ጋራዥም ቀረለት፣ ሰልፍም ቀረለት። ከወር በኋላ ለለቅሶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። እግዚአብሔር ረድቶት በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ከተታት፣ ሰው አልተጎዳም። የመኪናዋ አፍንጫ ግን የለም። ለደላላው የሰጠው፣ የመጎተቻው፣ የአፍንጫው ሲደመር ፍሬኑን አምስት ጊዜ ያስቀይረው ነበር። አሁን ሰው ቦሎ ሲያነሳ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ወረቀት

አጭር ነው። ሊብሬ፣ መታወቂያ፣ ያለፈው ቦሎ፣ ጊዜው ያላለፈ ሦስተኛ ወገን። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ቀድማችሁ ጨርሱት። የንግድ መኪና የሆነ ሰው የግብር ክሊራንስም ይጠየቃል፣ እኛ የቤት መኪኖቹ ከዚያ ተርፈናል። ክፍያውን ባለፈው ዓመት ደረሰኝ አትገምቱ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ ወይ ብቅ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ግን ሰው ያስለቅሳል። አንደኛው የሞተር ቁጥር። ሞተር የቀየረ ሰው ሊብሬው ላይ ካላስመዘገበ በምርመራ ቀን ቁጥሩ አይገጥምም፣ ከዚያ ሞተሩን ከየት አመጣኸው ይባላል። የተገዛበትን ሰነድ ያኔውኑ ያዙ፣ ከዓመት በኋላ ሻጩን ማግኘት ዘበት ነው።

ሁለተኛው በውክልና የሚነዳ መኪና ነው። ሸጣችሁ ስም ሳታዛውሩ ውክልና ሰጥታችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ መኪናዋ አሁንም የናንተ ናት። ማደሻዋም ቅጣቷም በናንተ ስም ነው የሚጠራቀመው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ደግሞ መኪና ላደረሰችው ጉዳት ባለንብረቷን ተጠያቂ ያደርጋል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። እንደ የአክስቴ ልጅ ጀልባ ነው፣ ያን ቀን በማን ስም ነበረች ነው ጥያቄው። የስም ማዛወሪያው ወጪ ከብዶን ነው የሚል ካለ፣ የሽያጩ ዋጋ ውስጥ አስገቡትና ከገዢው ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት። ባለቤቱ ያረፈ ከሆነም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫውን ለቦሎ ሰሞን አታቆዩት፣ ጊዜ ይወስዳል።

ለመቀነስ የሞከርናቸው

እኔና ወንድሜ ሁለት መኪና ነበረን፣ ሁለቱም የእሑድ። ሁለት ቦሎ፣ ሁለት ሦስተኛ ወገን፣ ሁለት ባትሪ። አንዷን ሸጥንና ዲኤክሷን በጋራ ያዝን። ሊብሬው በኔ ስም ነው። ወጪው እኩል፣ የነዳ ነዳጁን ይሞላል፣ የጋጨ ያሠራል። ይህችን በወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈርመናል። እናታችን «በወንድማማች መካከል ውል?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ የመጀመሪያው ፓራውልት ሲጫር ግን እሷው ናት «ወረቀቱ ምን ይላል?» ያለችው።

መኪናዋን እንደ ታክሲ እያሠሩ ቦሎዋን ላስወጣት የሚሉ አሉ። ኮድ 2 ይዞ ሰው በገንዘብ መጫን ክልክል ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። ሰው የማያስበው ኢንሹራንሱን ነው። ውሉ የተፈረመው ለቤት መኪና ነው። ተሳፋሪ ጭናችሁ አደጋ ከደረሰ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አገልግሎት ነበር?» ነው። ለጥቂት ቀን ገቢ ብዬ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ሙሉ ኢንሹራንስ የምትገቡ ካላችሁ ቅናሽ የሚገኘው እዚህ ነው። የኩባንያዎች ዋጋ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ጋ ጠይቁ። ዓመቱን ካሣ ሳትጠይቁ ከጨረሳችሁ ቅናሽ ይኖራል፣ ካልጠየቃችሁ የማያስታውሳችሁ አለ። ግን ዓረቦን ለመቀነስ ብላችሁ የመኪናዋን ዋጋ አታሳንሱ። መኪናዋ የምታወጣውን ግማሽ ካስመዘገባችሁ ጉዳት ሲደርስም ግማሹን ነው የሚከፍሏችሁ። የድሮ መኪና ዋጋ ደግሞ ያለፈው ዓመት ላይ አይቆምም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ያለችው አሮጌዋ ተወደደች። ውላችሁ ላይ ያለው ዋጋ የቆየ ከሆነ በዕድሳት ጊዜ አስተካክሉት።

መሸጥስ? አንዳንዱ መሸጥ አለበት፣ በግልጽ ልናገር። ባለፈው ዓመት ስንት ቀን እንደተነሳች ቁጠሩና የዓመቱን ወጪ አካፍሉት። የኔ በቀን ሲካፈል ኮንትራት ሚኒባስ ይዤ አንኮበር ብሄድ ይረክሰኝ ነበር። አልሸጥኳትም። ልጆቼ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ጭላዳ ሲቆጥሩ የሚኒባስ ሾፌር «እዚህ ጋ አቁምልኝ» ብለው አይሰማኝም። ይሄ ሂሳብ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ሳትሸጡም ሳታድሱም አቁሞ መተው ግን የከፋው ነው። ዓመታት የተጠራቀመበት መኪና ለማስነሳት ያለፈው ሁሉ ከነቅጣቱ ይጠየቃል። ረጅም ጊዜ የማትነዷት ከሆነ፣ ለምሳሌ ውጭ አገር የምትሄዱ ከሆነ፣ ዝም ብላችሁ በር ከመዝጋት ሰሌዳዋን ስለመመለስ ቢሮው ሄዳችሁ ቀድማችሁ አነጋግሩ።

አቁሞ ማቆየት

የምትቆም መኪና በራሷ ትበላሻለች፣ በኛ ብርድ ደግሞ ይብሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ አታድርጉ፤ በረዶ ከሆነ ይሰፋል፣ ከሰፋ ይሰነጥቃል። ማቀዝቀዣ ፈሳሹን ቀላቅሉበት፣ ዝገትም ይከላከላል። ባትሪው በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት የማትነሳ ከሆነ ኔጌቲቩን ንቀሉት። ሞተር አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማጥፋት ባትሪ አይሞላም፣ እንዲያውም ማስነሻው የበላውን አይተካም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ወጣ ብላችሁ ንዷት።

የእጅ ፍሬን ይዛችሁ አታቁሟት፣ ሸራው ይጣበቃል። ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ጎማውን ሞላ አድርጋችሁ ነፉት፣ በወር አንዴም ወደፊት ግማሽ ዙር ግፏት፣ አለበለዚያ የተኛበት በኩል ይጠፈጠፋል። አይጥ ሽቦ ይበላል። በዚህ በኩል የጎረቤቴን ድመት ጣሪያዬ ላይ የምታገሣት በነጻ አይደለም።

ሁሉ አልቆ ቦሎው እጃችሁ ሲገባ ጠዋት በውርጭ አትለጥፉት። መስታወቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ በሳምንቱ ይላጣል፣ ከዚያ ለትራፊክ «ወድቆብኝ ነው» ማለት ነው። ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ አሮጌውን በሙቅ ውኃና በምላጭ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ለጥፉት። ከመለጠፋችሁ በፊት ግን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የሚያበቃበት ቀን በደንብ እንዲነበብ አድርጋችሁ።